የሚጾም ሰውነትና የቆሰለ ሰውነት፦ ከከባድ ጉዳት የሚያገግሙ ሕሙማን አመጋገብ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ደጋ ከከባድ ጉዳት የሚያገግም ሰው ሰውነት ምግብን እንዴት እንደሚጠቀም፣ በአካባቢው ከሚገኘው እህል፣ ጥራጥሬና የእንስሳት ተዋጽኦም እንዴት ሊደገፍ እንደሚችል ይመረምራል። ዋና ሐሳቡ የሚከተለው ነው። ጤነኛ ሰው ሲጾምም ሆነ ሲራብ ሰውነቱ ጡንቻውን የሚቆጥብበት ዘዴ አለው፤ ከባድ ጉዳት ግን ይህን ዘዴ ያፈርሰዋል። ስለሆነም ጾም የለመደ ሰው ከቆሰለ በኋላም ምግብ ቢዘገይበት ይችለዋል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በሌላ በኩል በክረምት ወራት ተርቦ የቆየን ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ማጥገብ የራሱ አደጋ አለው። ጽሑፉ በእነዚህ ሁለት አደጋዎች መካከል የሚያልፈውን መንገድ ያመለክታል።

1. መግቢያ

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ሊቃውንት የሚመሰክሩባት ጥንታዊት ደብር ናት። ድጓ ለማስመስከር ከሩቅ አገር የሚመጣው ተማሪ በአኮፋዳው ለምኖ ያገኘውን ቁራሽ እየተመገበ፣ አጽዋማቱን እየጠበቀ ዓመታት ይቀመጣል። የአካባቢው ምእመንም ረቡዕንና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታንና ሌሎቹን አጽዋማት ሲደምር በዓመት ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ጊዜ በጾም ያሳልፋል። በዚህ አገር ከምግብ መታቀብ የታወቀ፣ የተከበረና ሥርዓት ያለው ነገር ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን በፈቃድ ያልተመረጠ እጦት አለ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት የምግብ ዋስትና ችግር ያለባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። የአምናው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ባለው ጊዜ፣ በተለይም ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ የብዙ ቤተሰብ ጎተራ ይራቆታል። የፍልሰታ ጾምም የሚውለው በዚሁ ወቅት፣ በነሐሴ መጀመሪያ ነው።

በእንዲህ ያለ ኑሮ ላይ የሚገኝ ሰው ከገደል ሲወድቅ፣ መኪና ሲገለበጥበት፣ ከምድጃ እሳት ላይ ሲወድቅ ወይም በጥይት ሲመታ ጉዳቱ ባዶ ሰውነት ላይ ያርፋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ጦርነቱና የክረምቱ እጦት በአንድ ወር ተገናኝተዋል። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት ቆላ የሚነሣ ቁስለኛ በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ወጥቶ፣ ከዚያም ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ወይም ወደ ደብረ ታቦር፣ ጉዳቱ ሲከፋም ወደ ባሕር ዳር እስኪደርስ ድረስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ሳይበላ ይቆያል። ደም ማቆም፣ አጥንት መጠገንና ቁስል ማጽዳት ቅድሚያ ማግኘታቸው ተገቢ ነው። የሚዘነጋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ምግብ ራሱ የሕክምናው አካል ይሆናል።

2. ጤነኛ ሰውነት ሲራብ

ጤነኛ ሰው ምግብ ሲያቆም ሰውነቱ በመጀመሪያ የሚጠቀመው በጉበት የተከማቸውን ግላይኮጅን ነው። ይህ ክምችት ቢበዛ አንድ ቀን ያህል ይቆያል። ከዚያ በኋላ አንጎል የሚፈልገውን ግሉኮስ ለማግኘት ጉበት ከጡንቻ የሚመጡትን አሚኖ አሲዶች ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። በዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ በቀን 75 ግራም ያህል ፕሮቲን ይፈርሳል። ይህ በዚሁ መጠን ቢቀጥል ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአልጋው መነሣት ያቅተው ነበር።

ነገር ግን አይቀጥልም። ረሃቡ ሲረዝም ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ ስብ ይፈርሳል፤ ጉበትም ከስቡ ኪቶን የተባለውን ነዳጅ ያመርታል። አንጎል ቀስ በቀስ አብዛኛውን ፍላጎቱን ከኪቶን ማሟላት ይለምዳል። በዚህ ምክንያት በየቀኑ የሚፈርሰው ፕሮቲን በሳምንታት ውስጥ ወደ 20 ግራም ገደማ ይወርዳል። ሰውነት በዕረፍት ጊዜ የሚያወጣው ኃይልም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የመሩት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በፈቃዳቸው የተሳተፉ 36 ጤነኛ ወጣቶች ለ24 ሳምንታት በግማሽ ምግብ ሲኖሩ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጥተዋል፤ ሰውነታቸው በዕረፍት የሚያወጣው ኃይልም በእጅጉ ቀንሷል።

የሃይማኖት ጾም ከዚህ እጅግ የቀለለ ነው። ጿሚው ሰዓቱ ሲደርስ ይመገባል፤ የሚታቀበውም በዋናነት ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ዕድሜውን ሙሉ ሲፈጽም የሚኖረው ሰውነቱ ከላይ የተገለጸው የመቆጠብ ችሎታ ስላለው ነው። ጥያቄው ይህ ችሎታ በጉዳት ጊዜም ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

3. ጉዳት የሚያፈርሰው ሥርዓት

ለጥያቄው የመጀመሪያውን ጥርት ያለ መልስ የሰጡት በስኮትላንድ ግላስጎው ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ከዝበርትሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተሙት ጥናት የእግር አጥንታቸው የተሰበረ ሕሙማን ሽንት ውስጥ የሚወጣው ናይትሮጅን ከጉዳቱ በኋላ በነበሩት ቀናት በብዛት እንደሚጨምር አሳዩ። ናይትሮጅን የፕሮቲን መፍረስ ምልክት ነው። የወጣው መጠን ከተሰበረው ቦታ ብቻ ሊመጣ ከሚችለው እጅግ ይበልጥ ስለነበር ከመላ ሰውነት ጡንቻ እንደመጣ ታወቀ። የተሰበረው እግር ቢሆንም የሚከሳው መላው ሰውነት ነው።

ከዝበርትሰን በ1942 እ.ኤ.አ. ይህን ሂደት በሁለት ምዕራፍ ከፈሉት። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ጉዳቱ በደረሰባቸው ሰዓታት፣ ሰውነት ይቀዘቅዛል፤ የደም ዝውውርና የኃይል አጠቃቀም ይቀንሳል። ሕሙሙ ከዚህ ተርፎ ሲሞቅ ሁለተኛው ምዕራፍ ይከተላል። ልብ ይፈጥናል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ጡንቻም በፍጥነት ይፈርሳል። ይህ ምዕራፍ እንደ ጉዳቱ ክብደት ቀናት፣ ሳምንታት ወይም ወራት ይቆያል።

የዚህ ምክንያት ዛሬ በተሻለ ሁኔታ ይታወቃል። ጉዳት አድሬናሊን፣ ኮርቲሶልና ግሉካጎን የተባሉትን ሆርሞኖች ይጨምራል፤ ከቁስሉ የሚነሡ የብግነት መልእክተኞችም በደም ይሠራጫሉ። ኢንሱሊን በደም ውስጥ እያለ ሥራው ይደክማል፤ ስለዚህ የደም ስኳር ከፍ ይላል። ጉበት ስኳር ማምረቱን አያቆምም። ኪቶንም እንደ ተራበ ጤነኛ ሰው በበቂ አይመረትም። ቁስሉ፣ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትና ጉበት የሚፈልጉት አሚኖ አሲድ ሁሉ የሚመጣው ከጡንቻ ነው። የተራበ ጤነኛ ሰው ወጪውን ሲቀንስ የቆሰለ ሰው ወጪውን ይጨምራል። የአጥንት ስብራት ሰውነት በዕረፍት የሚያወጣውን ኃይል በመጠኑ ሲጨምር ሰፊ ቃጠሎ ወደ እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል።

ቀላል ስሌት ጉዳዩን ያብራራል። አንድ ግራም ናይትሮጅን 6.25 ግራም ፕሮቲንን፣ ይህም ወደ 30 ግራም የሚጠጋ እርጥብ ጡንቻን ይወክላል። በከባድ ጉዳት በቀን 20 ግራም ናይትሮጅን መውጣቱ የተለመደ ነው። ይህም በቀን 600 ግራም፣ በ10 ቀን 6 ኪሎ ግራም ጡንቻ ማለት ነው። ሰውነት ደግሞ ፕሮቲንን እንደ ስብ በጎተራ አያስቀምጥም። የሚፈርሰው ሁሉ ሥራ ላይ ያለ ሥጋ ነው፤ ከእሱም ውስጥ የመተንፈሻና የልብ ጡንቻ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የለንደን ጥናት በአልትራሳውንድ ለክቶ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ ሰዎች የጭን ጡንቻ ስፋት በ10 ቀን ውስጥ በአማካይ በ17.7 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

የዚህ ኪሳራ ውጤት በአልጋው ላይ ይታያል። ቁስሉ አይሽርም፤ የተሰፋው ይለቃል፤ የመኝታ ቁስል ይወጣል፤ አክታውን በኃይል ማውጣት ያልቻለ ሰው የሳንባ ምች ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ የሞት ምክንያት ተብሎ የሚመዘገበው ኢንፌክሽኑ ነው፤ በሩን የከፈተለት ግን የጡንቻው ማለቅ ነው።

በደጋው አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ብርድ ነው። ከዝበርትሰን በኋለኛ ሥራቸው የተጎዱትን በ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በሞቀ ክፍል ማስተኛት የፕሮቲኑን ኪሳራ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የቃጠሎ ሕሙማን ክፍል እንዲሞቅ የሚደረገውም ስለዚሁ ነው። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ በነሐሴ ጭጋግ፣ ቆዳው የተገፈፈ ሕሙም ኃይሉን የሚያባክነው ራሱን በማሞቅ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የተዘጋ መስኮትና ፈጥኖ የሚቀየር ደረቅ ፋሻ ከምግብ ድጋፉ ተነጥለው የሚታዩ አይደሉም።

4. ተርቦ የቆሰለ ሰው፦ ሌላው አደጋ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ፈጥኖ መመገብን ይደግፋል። ነገር ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚመጣው ሕሙም ከጉዳቱ በፊትም የተራበ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ብዙ ስታርችና ስኳር ሲያገኝ ኢንሱሊኑ በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ከደም ወደ ሕዋሳት ይገባሉ። ቀድሞውንም ያነሰው ታያሚን ያልቃል። ውጤቱ የልብ ምት መዛባት፣ የመተንፈሻ ጡንቻ መድከም፣ እብጠት፣ መወራጨት፣ አንዳንዴም ድንገተኛ ሞት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከምርኮ ከወጡ የተራቡ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ምግብ ካገኙ በኋላ የሞቱት በዚህ ምክንያት ነበር።

አደጋው ያለበትን ሰው መለየት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ባለፉት ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ከክብደቱ ከ15 በመቶ በላይ ያጣ፣ ከ10 ቀን በላይ እዚህ ግባ የሚባል ምግብ ያልቀመሰ፣ ወይም ክብደቱ ለቁመቱ እጅግ ያነሰ ሰው አደጋ ላይ ነው። ክብደት መለኪያ ካልተገኘ አስታማሚውን መጠየቅ ይበቃል። ቀበቶው ስንት ቀዳዳ ጠበበ? ቤት ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ ይበላል?

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ብሔራዊ መመሪያ እንዲህ ላለው ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ10 ኪሎ ካሎሪ ባልበለጠ እንዲጀመርና በአራት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲጨመር ይመክራል። ታያሚንም ምግቡ ሳይጀመር በፊት፣ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በየቀኑ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም እንዲሰጥ ያዛል። 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው ቀን ምግብ 500 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ይህ አሠራር ለአካባቢው የጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት ሲታከሙ በመጀመሪያ የሚሰጣቸው ኤፍ-75 ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪና ከአንድ ግራም ያነሰ ፕሮቲን ይይዛል። ሰውነታቸው ሲረጋጋ 100 ኪሎ ካሎሪና ወደ ሦስት ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ወዳለው ኤፍ-100 ወይም ወደተዘጋጀው ለውዝ ቅቤ ይሸጋገራሉ። በሕፃናት ክፍል የታወቀው መጀመሪያ ማረጋጋት፣ ቀጥሎ ማጎልበት የሚለው ትምህርት ወደ አዋቂዎች የቀዶ ጥገና ክፍል መሻገር ይገባዋል።

5. መቼና በየት በኩል

ዓለም አቀፍ የጽኑ ሕሙማን መመሪያዎች የደም ዝውውሩ የተረጋጋ ሕሙም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በአንጀቱ በኩል መመገብ እንዲጀምር ይስማማሉ። የሚከለክሉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ያልተገታ የደም መፍሰስ ወይም ሾክ፣ የአንጀት መዘጋት ወይም መቀደድ፣ ለአንጀት የሚደርሰው ደም መቋረጥ። መዋጥ የሚችል በአፉ ይበላል። ራሱን የሳተ ወይም መንጋጋው የተሰበረ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይመገባል፤ የራስ ቅሉ ወለል ተሰብሯል ተብሎ የሚጠረጠር ከሆነ ግን ቱቦው በአፍ በኩል ይገባል። በደም ሥር የሚሰጠው ሙሉ ምግብ፣ ስታንሊ ዱድሪክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1968 ሊሠራ እንደሚችል ያሳዩት ሕክምና፣ አንጀቱ ለማይሠራ ሰው የሚቀር ነው። ብርቱ ጥንቃቄና ላቦራቶሪ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ በስፋት የተሠራጨ አንድ አስተሳሰብ መታረም አለበት። ግሉኮስ የተሰቀለለት ሕሙም እንደተመገበ ይቆጠራል፤ አስታማሚም ስለዚህ ይጽናናል። ነገር ግን አንድ ሊትር ባለ አምስት በመቶ ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር ብቻ ይይዛል፤ ይህም ከ170 እስከ 200 ኪሎ ካሎሪ ነው። ሦስት ሊትር ቢሰጥ እንኳ ከቀኑ ፍላጎት ግማሹን አይሞላም። ፕሮቲን ደግሞ ምንም የለውም። ለተራበ ሰው ያለ ታያሚን ሲሰጥ አንጎልንም ሊጎዳ ይችላል። ግሉኮሱ ፈሳሽን ይተካል፤ ማዕድን ግን አይተካም።

ሁለተኛው ከቀዶ ጥገና በፊት ያለው መታቀብ ነው። ለታቀደ ማደንዘዣ ከጠንካራ ምግብ ስድስት ሰዓት፣ ከንጹሕ ፈሳሽ ሁለት ሰዓት መቆየት በቂ ነው። ሕሙሙ ከማታ ጀምሮ ሳይበላ አድሮ ተራው ወደ ማግስቱ ሲተላለፍ፣ ይህም ሲደጋገም፣ በሳምንት ውስጥ የሚጠፋው ምግብ ቀላል አይደለም። ፋሻው በማደንዘዣ የሚቀየርለት የቃጠሎ ሕሙም በተለይ ይጎዳል። ተራው እንደተላለፈ የሚያውቀው ነርስ ወዲያው «ይብላ» የማለት ሥልጣን ቢኖረው ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል።

6. ስንት፣ ከምን

ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ለተረጋጋ አዋቂ የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ ነው። ፕሮቲኑን የአውሮፓ መመሪያ 1.3 ግራም ሲያደርገው የአሜሪካው ከ1.2 እስከ 2 ግራም ይፈቅዳል፤ ለቃጠሎ ከፍ ያለው መጠን ይመረጣል። ከዚህ ማለፍ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ በብዙ አገሮች የተካሄደ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ላይ ከ2.2 ግራም በላይ መስጠት ከአነስተኛው መጠን የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ፣ ኩላሊታቸው በተጎዳ ሰዎችም ጉዳት ሳይኖረው እንዳልቀረ አመልክቷል።

50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ገበሬ ስለዚህ ከ65 እስከ 75 ግራም ፕሮቲንና እስከ 1,500 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። ይህ ከአካባቢው ማዕድ ሊሟላ ይችላል። ሦስት እንቁላል 18 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ግማሽ ሊትር ወተት ወይም እርጎ 16 ግራም፣ በደረቁ 100 ግራም የሚመዝን የምስር፣ የአተር ወይም የሽምብራ ሽሮ ከ20 ግራም በላይ፣ 100 ግራም በሶ 10 ግራም፣ ከ100 ግራም ጤፍ የተጋገረ እንጀራ 12 ግራም ያህል ይጨምራሉ። ድምሩ ከ75 ግራም በላይ ፕሮቲንና ከ1,500 በላይ ኪሎ ካሎሪ ነው። ወተት ሆዱን ለሚነፋው ሰው እርጎ ይሻላል፤ ቅቤው የወጣለት አሬራም ፕሮቲኑ አልተወሰደበትም።

ለሕሙም ክብር ተብሎ የሚዘጋጀው ምግብ ሁሉ ግን እኩል አይጠግነውም። በቅቤ የራሰ ገንፎ ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው፤ እርጎ ሲታከልበት ይሟላል። የሥጋ መረቅ ጨውና ፈሳሽ ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ የሚቀረው ሥጋው ላይ ነው። መረቁ ለሕሙሙ ተሰጥቶ ሥጋው ለሌላ ከቀረ ሕሙሙ የተሰጠው ሽታውን ነው። ሥጋውን በጥሩ ከትፎና አብስሎ ከመረቁ ጋር መስጠት ይገባል።

የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ሰው ብዙ መጠን ሊወስድ ስለማይችል አጥሚቱ ወፍራም እንዲሆን ያስፈልጋል፤ ወፍራም አጥሚት ግን በቱቦ አያልፍም፣ ለመዋጥም ያስቸግራል። ለዚህ መፍትሔው ለጠላ የሚዘጋጀው ብቅል ነው። የበቀለ እህል ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው። ተቀቅሎ ለብ ባለ ወፍራም አጥሚት ውስጥ ጥቂት የብቅል ዱቄት ሲነሰነስ አጥሚቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጥናል፤ የያዘው ምግብ ግን አይቀንስም። ከዚያ እንደገና ማፍላት ያስፈልጋል። በቱቦ የሚሰጥ የቤት ምግብ በየጊዜው ትኩስ መዘጋጀት አለበት፤ የቆየ አጥሚት ተቅማጥ ያመጣል፤ ተቅማጡም የተገኘውን መልሶ ይወስዳል።

ቁስል ለመሻር ከፕሮቲኑ በተጨማሪ ቪታሚን ሲ፣ ቪታሚን ኤና ዚንክ ይፈልጋል። ቃርያ፣ ሎሚ፣ ጎመንና ድንች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለመደገፍ ይረዳሉ። የእህል ዚንክና ብረት ፋይቴት በተባለ ንጥረ ነገር ስለሚታሰር ለመመጠጥ ያስቸግራል፤ በደንብ የቦካ ሊጥ ግን ይህን እስር ያላላል። እንጀራው በአግባቡ መቡካቱ ስለዚህ ለሕሙም ይጠቅመዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ያስፈልጋል። ጓያ ርካሽና በፕሮቲን የበለጸገ ጥራጥሬ ነው፤ በድርቅ ጊዜም ሌላው ሲጠፋ ይገኛል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ አለው። ከጋይንት በስተምሥራቅ በደላንታና ዳውንት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የምግብ እጥረትን ተከትሎ ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሽባ ሆነዋል። ሳምንታት በአልጋ ለሚቆይና እግሩን መልሶ ለማጠንከር ለሚጥር ሰው ጓያ የጥገና ምግብ ሊሆን አይችልም።

7. ጾምና የሕሙም ማዕድ

ከላይ ከተጠቀሰው የቀን ምግብ እንቁላሉና ወተቱ ቢወጡ 34 ግራም ፕሮቲን ይጎድላል። ይህን በጥራጥሬ ለመተካት በደረቁ ከ150 ግራም በላይ መጨመር፣ ማለትም የሽሮውን ወይም የምስሩን መጠን ከሁለት እጥፍ በላይ ማሳደግ ያስፈልጋል። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን እርስ በርሱ ስለሚደጋገፍ እንጀራ በሽሮ ለጤነኛ ሰው መልካም ምግብ ነው። ሆዱ ለተነፋና አፉ ለመረረ ቁስለኛ ግን ያን ያህል መጠን መጨረስ ይከብደዋል። ሕሙሙ በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ከቆየ ቀሪው ጊዜ አይበቃውም።

የቤተ ክርስቲያን ቀኖና ሕመምን ከጾም የሚያወጣ ምክንያት አድርጎ ይቀበላል። ይሁን እንጂ ሕሙሙ ራሱ ላይፈቅድ ይችላል፤ እናቱ ወይም ሚስቱ በሁዳዴ እንቁላል ይዘው መምጣት ሊያፍሩ ይችላሉ። የጤና ባለሙያ በትእዛዝ ይህን አይለውጠውም። የሚሻለው ጾም ይፍታልህ ከማለት ይልቅ የንስሐ አባቱ እንዲጠየቁ መርዳትና የምግቡን ምክንያት ለእሳቸው በግልጽ ማስረዳት ነው። ጉዳዩ መድኃኒትን የመውሰድ ጉዳይ እንደሆነ ከተነገራቸው የሚሰጡት ቃል ከብዙ ምክር የበለጠ ክብደት አለው። ከዚያም በኋላ የጾሙን ምግብ የመረጠ ሕሙም ሊከበርለት ይገባል። ጥራጥሬው በአጥሚት መልክ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ጧትን ጨምሮ በቀን ስድስት ጊዜ ቢቀርብለት የጎደለው ብዙው ይሞላል።

8. ከሆስፒታል ወደ ቤት

የጉዳቱ ንዳድ ሲበርድ ሰውነት ጡንቻውን መልሶ የሚሠራበት ዘመን ይጀምራል። ይህ ዘመን ከተኛበት ጊዜ እጅግ ይረዝማል፤ በሰፊ ቃጠሎ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ምግብ ብቻውን ደግሞ ጡንቻ አይሠራም። ሕሙሙ በአልጋው ላይ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ፣ ሲፈቀድለት መቀመጥና መቆም፣ ከዚያም መራመድ አለበት፤ አለበለዚያ የተጨመረው ክብደት ስብ ብቻ ይሆናል።

ወደ ቤት የተመለሰው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የቤቱ ዋና ሠራተኛ ነበር። እርሱ ሲተኛ እርሻው ያድራል ወይም ለሌላ በእኩል ይሰጣል፤ ለሕክምናው በግ ወይም ላም ተሽጣለች። ምግቡ ይበልጥ በሚያስፈልግበት ወቅት ጎተራው ይበልጥ የጎደለ ነው። የሴፍቲኔት ፕሮግራሙ መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ቀጥተኛ ድጋፍ የሚሰጥበት አሠራር አለው። ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን በሕሙሙ ወረቀት ላይ ክብደቱ፣ ለስንት ወር መሥራት እንደማይችልና የሚያስፈልገው ምግብ ተጽፎ ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ለወረዳው ቢደርስ፣ ቤተሰቡ ለእንዲህ ያለው ድጋፍ በጊዜ ሊታይለት ይችላል። በየወሩ መመዘንም መሻሉን ወይም መክሳቱን ቁስሉ ከመናገሩ በፊት ያሳያል።

9. መደምደሚያ

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ከምግብ መታቀብን ያውቃል፤ ሰውነቱም እንዲሁ። ይህ እውቀት በጤና ጊዜ ኃይል ነው። በከባድ ጉዳት ጊዜ ግን ሰውነት የሚቆጥብበትን ዘዴ ያጣል፤ የሚያልፈው እያንዳንዱ ባዶ ቀን በጡንቻ ይከፈላል። ከዚህ የሚከተሉት ተግባራት ውድ አይደሉም። ቁስለኛው በገባ ቀን የመራቡን ታሪክ መጠየቅ፤ የተራበውን በታያሚንና በጥቂቱ መጀመር፤ ሌላውን በሁለት ቀን ውስጥ መመገብ፤ ግሉኮስን እንደ ምግብ አለመቁጠር፤ የተላለፈ ቀዶ ጥገና የተላለፈ ምግብ እንዳይሆን መጠበቅ፤ ሕሙሙን ማሞቅና ማንቀሳቀስ፤ የበላውንም ልክ እንደ መድኃኒቱ በየቀኑ በካርዱ ላይ መጻፍ ናቸው። እንቁላሉ፣ እርጎው፣ ምስሩና ብቅሉ በአገሩ አሉ። የሚቀረው ሐኪሙ ሲያዝዛቸው፣ ነርሱ ሲመዘግባቸው፣ አስታማሚውም ስለምን እንደታዘዙ ሲያውቅ ነው።